ከሁለት ኪት የተሠራው ኢምፓላ፦ አንድን አሮጌ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና የመለየትና መልሶ የመገንባት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በ1960ዎቹ የተመረተ አንድ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ማንነቱ እንዴት እንደተለየና እንዴት እንደታደሰ ይዘግባል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩን እንድመዘግበው ያነሣሣኝ በመጀመሪያው ወር የደረስኩበት ድምዳሜ ነው። ድምዳሜው ሁለት ማስረጃ ነበረው፤ ሁለቱም ማስረጃዎች እውነተኛ ነበሩ፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር።

የሞዴሉ ባለቤት በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ናቸው። መኪናውን በወጣትነታቸው የሠሩት ታላቅ ወንድማቸው ሲሆኑ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ዕቃቸው ሲደራጅ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። የኪቱ (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የሞዴል ክፍሎች ስብስብ) ሳጥንም ሆነ የመገጣጠሚያ መመሪያው አልነበረም። እኅታቸው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነበር፦ መኪናው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት እንድነግራቸው፣ ከዚያም ወንድማቸው ገና ከሳጥኑ ሲያወጡት ሊሆን ይችል የነበረውን መልክ እንድመልስለት። አንድ መረጃም ሰጡኝ፤ «ወንድሜ ስድሳ አራት ኢምፓላ ይለው ነበር» አሉኝ፤ የ1964 ሸቭሮሌት ኢምፓላ ማለት ነው።

የሞዴሉ ሁኔታ

ቦዲው ቢያንስ ሦስት ድርብ ቀይ ቀለም ነበረበት። ኮፈኑ መሐል ላይ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ የሞተሩ አናት እንዲወጣ ተደርጓል። የኋላ ጎማዎች መግቢያ ቅስቶች ሰፋፊ ጎማ እንዲያስገቡ በሁለቱም ወገን ተከርክመዋል። የኋላ መብራቶቹ ሊቀመጡበት የሚገባው ፊት በስቱኮ ተሞልቶ ልሙጥ ሆኗል። የግራው የፊት ምሰሶ ተሰብሯል፤ ሁለቱም ፓራውልቶች (የፊትና የኋላ መከላከያዎች) እና ማስኬሪናው (የፊት ፍርግርጉ) ጠፍተዋል። አንደኛው ጎማ ከቸርኬው ጋር ተዋሕዷል፤ ሌላው ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ በፊት መስታወቱ ላይ ተደግፎ ስለኖረ መስታወቱን የጨረቃ ቅርጽ ባለው ጠባሳ በልቶታል።

ይህ የመጨረሻው ጉዳት አሮጌ ኪት የሚሰበስብ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጎማዎቹ የሚሠሩት ለስላሳ እንዲሆን ማለስለሻ ኬሚካል ከተጨመረበት ቪኒል ነው። ማለስለሻው በዓመታት ውስጥ ከቪኒሉ እየወጣ ወደሚነካው ፖሊስታይሪን (ኪቶቹ የሚሠሩበት ጠንካራ ፕላስቲክ) ይገባና ያሟሟዋል። ጎማና መስታወት በአንድ ከረጢት ሲቀመጡ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ስለ ኪቶቹ አጭር ዳራ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ1948 የተመሠረተው የሞዴል አምራች ኤ.ኤም.ቲ መጀመሪያ የሚታወቀው ለመኪና ሻጮች በሚያቀርባቸው የተገጣጠሙ ማስተዋወቂያ ሞዴሎች ነበር። ከ1958 ጀምሮ ግን በየዓመቱ አዲስ የሚወጡትን መኪኖች ተከትሎ በ1/25 መጠን (የእውነተኛው መኪና ርዝመት አንድ ሃያ አምስተኛ) ኪት ያወጣ ነበር። ኪቶቹ «ሦስት በአንድ» ይባሉ ነበር፤ ገዢው ከአንድ ሳጥን መኪናውን ፋብሪካ እንዳወጣው፣ በግል ፍላጎት እንደተለወጠ ወይም ለውድድር እንደተዘጋጀ አድርጎ መሥራት ይችላል። ወጣቶች ከሦስቱ መካከል ደፋር የሆኑትን ሁለቱን መምረጣቸው የተለመደ ስለነበር፣ እንደተሠራ የቆየ የዚያ ዘመን ሞዴል ሳይቆረጥና ሳይሞላ የተገኘ እንደሆነ ዕድለኛ ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የብረት ሞልዱ፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ቅርጽ የሚይዝበት ማውጫ ነው። ሞልድ ማሠራት እጅግ ውድ ስለሆነ፣ አምራቾች ያለፈውን ዓመት ሞልድ እንደገና ጠርበው ለቀጣዩ ዓመት መኪና ያውሉት ነበር። አንዴ የተጠረበ ሞልድ ወደ ቀድሞው ቅርጽ ስለማይመለስ ብዙዎቹ ቀደምት ኪቶች ዳግም መታተም አልቻሉም። ዓመትን በትክክል መለየት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ ዓመት የተሳሳተ ሰው የሚያፈላልገው ዕቃ ከቦዲው ጋር አይገጥምም።

የመጀመሪያው መለያና ስሕተቱ

መጀመሪያ የመረመርኩት ፕላስቲኩን ነበር። ቀደምት ማስተዋወቂያ ሞዴሎች ይሠሩ የነበረው በጊዜ ብዛት ከሚጣመመው ሴሉሎስ አሲቴት ነው። ለአሲቴትና ለፖሊስታይሪን የሚሆኑት ሙጫና ማሟሟያ የተለያዩ ስለሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። ከቦዲው የውስጥ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቅንጣት በምላጭ ላጥኩና ጨው እስኪጠግብ በተበጠበጠ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። ፖሊስታይሪን ጥግግቱ 1.05 ገደማ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ አሲቴት ወደ 1.3 ስለሚደርስ ይሰጥማል። ቅንጣቱ ተንሳፈፈ። ኮፈኑ የሚከፈትና ሞተር ያለው መሆኑም የማስተዋወቂያ ሞዴል ሳይሆን ኪት መሆኑን አረጋገጠልኝ።

ቀጥሎ መጠኑን ለካሁ። የኢምፓላ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 119 ኢንች፣ ማለትም 3,023 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ1/25 ወደ 121፣ በ1/24 ደግሞ ወደ 126 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ካሊፐሩ 121 አሳየኝ፤ ስለ መጠኑ ጥርጣሬ አልቀረም።

ከዚያ መኪናውን ገልብጬ ሻንሲውን፣ ማለትም ቦዲውን የሚሸከመውን የታች አፅም አየሁ። ሻንሲው የኤክስ ቅርጽ ነበረው፤ ሁለቱ ዋና ብረቶች መሐል ላይ ተቀራርበው እንደገና ይለያያሉ። ሸቭሮሌት ይህን ሻንሲ በትላልቅ መኪኖቹ ላይ ከ1958 እስከ 1964 ተጠቅሞ፣ በ1965 የካቢኑን ዙሪያ በሚከብ ሻንሲ ተክቶታል። ስለዚህ መኪናው ከ1965 በፊት የወጣ መሆን ነበረበት። የወንድምየው ቃል 1964 ይላል፤ ሻንሲው 1964 ሊሆን እንደሚችል ይመሰክራል። ሁለት ምስክር ተስማማ ብዬ መዝገቤ ላይ 1964 ጻፍኩ፤ የ1964ን የፊት ፓራውልትና ማስኬሪናም ከአንድ ሰብሳቢ በልውውጥ አገኘሁ።

ዕቃው ሲመጣ አልገጠመም። ልዩነቱ በሞረድ የሚስተካከል አልነበረም። የ1964 ኢምፓላ አፍንጫ ቀጥ ያለና ካሬ ሲሆን፣ በእጄ ያለው ቦዲ ፓራፋንጎዎች (ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት የጎን ክፍሎች) ክብብ ያሉ ናቸው። ይህን ክብነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ። የቀለሙ ውፍረት ማዕዘኑን አደብዝዞት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሁለተኛው ምርመራ

ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ጀመርኩ፦ በዚህ ዕቃ ላይ ከሞልድ የወጣው የቱ ነው፣ የሰው እጅ የሠራውስ የቱ ነው?

የቦዲ ሞልድ ከአንድ በላይ ቁራጭ ስለሆነ ቁራጮቹ በሚገናኙበት ቦታ በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ይቀራል። የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራ መስመሩ በፊት ማዕዘኖቹ ላይ ከቀለሙ ሥር ጎላ ብሎ ታየ፤ በኋላ ማዕዘኖቹ ላይ ግን ድንገት ይቋረጣል። የተቋረጠበት ድንበር ስቱኮው የሚጀምርበት ነው። ስለዚህ የፊቱ ክብነት የሞልዱ ነው፤ የኋላው ልሙጥነት የእጅ ሥራ ነው።

ከዚያ ስቱኮ የማይደርስበትን ገጽ፣ የቦዲውን ውስጥ፣ ተመለከትኩ። ከውጭ ልሙጥ የነበረው የኋላ ፊት ከውስጥ በኩል በየወገኑ ሦስት ሦስት ክብ እብጠቶች ነበሩት። ከውጭ የተሰረጎደ ነገር ሁሉ ከውስጥ ያብጣልና እነዚህ ስድስት ክብ የመብራት ቦታዎች ናቸው። የ1965 ኢምፓላ በየወገኑ ሦስት ክብ የኋላ መብራት አለው፤ በ1966 ግን መብራቶቹ ወደ ጎን የተዘረጉ አራት ማዕዘኖች ሆኑ። በዚህ ላይ የጎን መስታወቱ መክፈቻ ወደ ውስጥ የታጠፈ መሆኑ ከ1965 ጀምሮ ከመጣው ጎባጣ መስታወት ጋር ይስማማል።

የቀረው ጥያቄ ሻንሲው ነበር። ሞዴል አምራቾች አንዳንዴ የቆየ ሻንሲ በአዲስ ቦዲ ሥር ስለሚያስገቡ፣ አለመመሳሰሉ ብቻውን የሌላ ኪት ዕቃ ነው አያሰኝም። የፈረደው ብሎኑ ነው። በቦዲው ውስጥ ያሉት የብሎን ማሰሪያ ምሰሶዎች ከሻንሲው ቀዳዳዎች በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋሉ፤ በሻንሲው ላይ ደግሞ ከፋብሪካ ቀዳዳዎቹ አጠገብ በጋለ ብረት የተበሱ፣ ጠርዛቸው የቀለጠ ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ። ወንድምየው የሁለት ኪት ባለቤት ነበሩ ማለት ነው፤ ከ1964ቱ ሻንሲውንና ሞተሩን፣ ከ1965ቱ ቦዲውን ወስደው አንድ መኪና ሠርተዋል። የአክስሉ ርቀት በሁለቱም ዓመት አንድ ስለሆነ ልኬቱ ይህን ሊያሳየኝ አይችልም ነበር።

እኅታቸው የነገሩኝም ሐሰት አልነበረም፤ ወንድማቸው የስሙን ግማሽ ከሻንሲው ወስደውታል። እኔ ግን ያንኑ አንድ ሻንሲ አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ በቃላቸው አማካይነት ቆጥሬ ሁለት ምስክር አድርጌዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ሻንሲው እንዳይቀየር ለመኑኝ። ስለዚህ ግባችን ተስተካከለ፦ ቦዲው ወደ 1965 የፋብሪካ መልኩ ይመለሳል፣ ሻንሲውና ሞተሩ ወንድማቸው እንዳደረጉት ይቆያሉ። በታሪክ ትክክለኛነት ለሚጨነቅ ሰብሳቢ ይህ ቅልቅል የሚጎረብጥ ነው። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል እንደነበረ አምናለሁ፤ የሻንሲው የተበሱ ቀዳዳዎች በዚህ ዕቃ ላይ ከቀሩት ሁሉ ስለ ሠሪው በግልጽ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

ማለያየትና ማጽዳት

ማንኛውንም ነገር ከማንሣቴ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣሁ፤ የስቱኮውን ድንበርም በወረቀት ላይ ቀዳሁ።

ቦዲውና ሻንሲው በብሎን ብቻ ሳይሆን በሙጫም ተያይዘው ነበር። ዕቃውን በከረጢት አሽጌ በፍሪዘር ውስጥ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች አሳደርኩት። በጠዋት ጠርዙን ቀስ አድርጌ ስጠመዝዘው በወፍራሙ የፈሰሰው ሙጫ ቀጭ እያለ ለቀቀ። ዘዴው የሚሠራው ሙጫው በወፍራሙ ከላይ በደረቀበት ቦታ ነው። ፕላስቲኩን አቅልጦ ባዋሐደበት ቦታ አይሠራም፤ የሞተሩ ሁለት ግማሾች ስላልለቀቁ አላስገደድኳቸውም።

ቀለሙን በመጀመሪያ ከ90 በመቶ በላይ ጥራት ባለው አይሶፕሮፒል አልኮል ዘፈዘፍኩት። የላይኛው ድርብ በአንድ ቀን ተላጠ፤ የታችኞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። እነዚህን ያስለቀቀው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ነው፤ ይህ ፖሊስታይሪንን አይጎዳም፤ ቆዳንና ዓይንን ግን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። አሴቶንና ቲነር ግን በዚህ ሥራ ፈጽሞ አይገቡም፤ ራሱን ፕላስቲኩን ያሟሙታል።

ስቱኮውን የሚያለሰልስ ነገር አላገኘሁም። ከመብራት ቦታዎቹ ውስጥ ያወጣሁት በሾለ የእንጨት ዘንግ እየቧጨርኩ፣ መጨረሻ ላይ በውኃ በራሰ ቁጥር 600 የብርጭቆ ወረቀት ነው። ስድስቱን ለማጽዳት አሥራ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። በግራው ማዕዘን ላይ ቸኩዬ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ሹል መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ደምስሼዋለሁ፤ በኋላ በስስ የፕላስቲክ ክር መልሼ ሠራሁት፤ ለሚያውቅ ዓይን ግን ዛሬም ይለያል።

መልሶ መገንባት

የኮፈኑን ቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ አስተካክዬ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የፖሊስታይሪን ንጣፍ ሞላሁት፤ ከሥሩም ሰፋ ያለ ማጠናከሪያ ለጠፍኩ። በሁለተኛው ቀን አሸሁት፤ እንደ መስታወት ለሰለሰ። በሳምንቱ ግን የአራት ማዕዘኑ ዙሪያ ጥርት ብሎ ተመልሶ ታየ። በሙጫው የለሰለሰው ፕላስቲክ ማሟሟያው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ለሳምንታት መሸብሸቡን ይቀጥላል፤ ቀድሞ የታሸ መጋጠሚያ ቆይቶ ይሰረጉዳል። እንደገና ሞልቼ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁና አሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ መስመሩ አልተመለሰም።

የኋላ ቅስቶቹ ሁለቱም ስለተከረከሙ አንዱን ለሌላው መለኪያ ማድረግ አልተቻለም። የ1965ቱ ሙሉ ኪት ያላቸው አንድ ሰብሳቢ ቦዲውን ለሁለት ቀን አዋሱኝ። በማይጎዳ ለስላሳ ቴፕ ሸፍኜ የቅስቱን መስመር በእርሳስ ቀዳሁ፤ ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ ቆርጬ ለግራም ለቀኝም መለኪያ አደረግሁት። ፓራውልቶቹና ማስኬሪናውም ከዚሁ ኪት በሲሊኮን ሞልድ ተቀድተው በፖሊዩሬቴን ሬዚን ተሠሩ። ያለዚህ ሰው እርዳታ ሥራው እዚህ ላይ ይቆም ነበር። በሬዚን የተቀዳው ዕቃ በጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ በተነፋ የክሮም ቀለም ተሸፈነ፤ ከሩቅ አሳማኝ ነው፣ ጣት ሲነካው ግን ስለሚደበዝዝ በጓንት ብቻ ይያዛል።

የፊት መስታወቱን ጠባሳ አሽቼ ለማስወገድ ሞከርኩ፤ ጉዳቱ ከግማሽ ውፍረት በላይ ስለገባ አልሆነም። ስለዚህ ቅርጹን በሬዚን ቀድቼ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ግልጽ የፔት ፕላስቲክ አግዬ አለበስኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች ማዕዘን ላይ ተሸበሸቡ ወይም ነጡ፤ አራተኛው ተሳካ።

ቀለም

እኅታቸው የመረጡት ነጭ ነበር፤ ትልቁ ውድቀት የደረሰውም እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ቀይ ቀለም ሲላጥ ፕላስቲኩን ሐምራዊ አድርጎት ቀርቷል። በነጭ ፕራይመር ሸፈንኩት፤ ፍጹም ነጭ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ቀላ ያለ ጥላ አየሁ፤ በአሥረኛው ቀን መኪናው ሁሉ ወደ ሐምራዊ አጋድሏል። ቀዩ ማቅለሚያ በአዲሱ ቀለም ማሟሟያ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ተጨማሪ ድርብ ነጭ ብነፋም ጥላው ከመዘግየት በቀር አልቀረም። መፍትሔው ሁሉንም አንሥቶ በመጀመሪያ በብርማ ቀለም መሸፈን ነበር፤ በብርማ ቀለም ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው መንገዱን ይዘጉታል። በላዩ ላይ ነጭ ፕራይመር፣ ከዚያ ነጩ ቀለም ተነፋ። ስድስት ወር ሆኖታል፤ ነጭ ነው። ይህን ለመሞከር መላውን ቦዲ ከማቅለም ይልቅ የኮፈኑን ታችኛ ፊት ብቻ ቀብቼ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

በመስታወቶቹ ዙሪያ ያለው የብረት ጌጥ የተሠራው ከኋላው በሚጣበቅ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ነው። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ወደ መስመሩ ተጭኖ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል፤ ምላጩ ትንሽ እንኳ ከደነዘ ወረቀቱን ይቀደዋል።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ዓመትን ለመለየት ቦዲው ከሻንሲው ይቀድማል፤ ሻንሲ፣ ሞተርና ጎማ ከኪት ወደ ኪት በቀላሉ ይዘዋወራሉ። ቦዲውም ቢሆን መነበብ ያለበት በመጀመሪያ ከውስጥ ነው፤ የሞላ፣ ያለሰለሰና የቀባ ሰው ሁሉ የሠራው ከውጭ ነውና። የቤተሰብ ትዝታ መከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ትዝታው ከምን እንደመነጨ ሳይጠየቅ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ አይቆጠርም። የማይገጥም ዕቃ ሲያጋጥም ከመሞረድ በፊት መለያውን እንደገና መመርመር ያዋጣል።

በአሠራር በኩል ያስከፈለኝ ችኮላ ነው። የኮፈኑም ሆነ የቀለሙ ውድቀት መንስኤ አንድ ነው፤ ማሟሟያ ከሚታየው በላይ ረዥም ጊዜ ይሠራል። ዛሬ ማንኛውንም መጋጠሚያ ከሦስት ሳምንት በፊት አላሽም፤ ምንጩ ያልታወቀ ቀይ ፕላስቲክም በብርማ ቀለም ሳልሸፍን ቀለል ያለ ቀለም አልቀባም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

መኪናው በሠሪው እኅት ቤት በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አሮጌዎቹ ጎማዎች ተመልሰው ስለገቡ በጎማውና በቸርኬው መካከል ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ይህ ማለስለሻውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያግደው ለማየት በየስድስት ወሩ አንዱ ጎማ ወልቆ ይታያል። ከሻንሲው ሥር «ሻንሲና ሞተር 1964፣ ቦዲ 1965» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የተበላው የፊት መስታወት፣ ከመብራት ቦታዎቹ የወጣው የስቱኮ ፍርፋሪና ሳይገጥሙ የቀሩት የ1964 ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ስማቸው ተጽፎባቸው በተለያዩ ትንንሽ ከረጢቶች በዚያው የጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው።